ከክላዲንጉ ጀርባ ያለው 12 ሳንቲ

ኅዳር 6

ዛሬ ሥራውን ተረከብኩ። ሕንፃው ባህር ዳር መሀል ከተማ ነው፤ ጂ ፕላስ 9። ምድሩ ሱቅ ነው፣ ከአንደኛ ፎቅ ጀምሮ ያለው ሁሉ መኖሪያ። በአንድ ፎቅ አራት ቤት፣ በድምሩ 36 ቤት። ብሎኬቱ አልቋል፣ ውስጡ እየተለሰነ ነው። ውጩ ገና እርቃኑን ነው።

የእኔ ድርሻ የውጭ ልብሱን መንደፍና ማልበስ ነው። የሚለብሱት ሁለት ፊቶች ናቸው፦ ወደ ዋናው መንገድ የሚያየው ምዕራቡና ወደ መስቀለኛው የሚያየው ደቡቡ። ከእግረኛ መንገዱ እስከ ጣራው ከንፈር 33 ሜትር ለካሁ። መስኮቱና የበረንዳው ክፍት ሲቀነስ 720 ካሬ ገደማ ይሆናል።

ባለቤቱ ስልካቸውን አውጥተው የአንድ አዲስ አበባ ሕንፃ ፎቶ አሳዩኝ። ደማቅ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። "እንዲህ ነው የምፈልገው ልጄ፤ ከአባይ ማዶ ሲመጡ ከሩቅ እንዲታይ" አሉኝ። "እሺ ጋሼ፣ መጀመሪያ ግን ግድግዳውን ልየው" አልኳቸው።

ማታ የውሉን ሰነድ ገልጬ ስለ ክላዲንጉ፣ ማለትም ስለዚሁ የውጭ ልብስ፣ የሚለውን ፈለግኩ። አንድ መስመር ናት። "4 ሚሊ አሉኮቦንድ ማልበስ።" በምን ይያዛል፣ ከኋላው ምን ይኖራል፣ ውሃው የት ይሄዳል፣ እሳት ቢነሳስ? ምንም የለም። እኛ ሀገር ማንኛውንም ሁለት ስስ አሉሚኒየም በመሀል ፕላስቲክ ይዞ የተጣበቀ ሰሌዳ "አሉኮቦንድ" እንለዋለን። ስሙ የአንድ ፋብሪካ ምርት ስም ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ ያለው ቃል ስለ ዕቃው ምንም አይነግረኝም። በዚህ ማስታወሻ "ፓነል" ብዬ እቀጥላለሁ።

ኅዳር 11

ግድግዳውን ለካን። ለዚህ ቀን ብዬ ሦስት ኪሎ የሚመዝን ቱንቢ በቀጭን ሽቦ አሥሬ ከጣራው ለቀቅኩት። ቱንቢው ግን አልረጋ አለ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከጣና ወደ ከተማው ይገባል፤ 33 ሜትር ሽቦ ደግሞ እንደ ክራር አውታር ነው፣ በትንሹም ይንቀጠቀጣል። ፎርማኑ አንድ ባልዲ የተቃጠለ ዘይት አመጣና ቱንቢውን ውስጡ ነከረው። ዘይቱ እንቅስቃሴውን ያዘው። እንዲያም ሆኖ ተመልሰን የለካነው በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ሐይቁ ሳይነቃ።

በየፎቁ ከሽቦው እስከ ሶሌታው (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ጠርዝ ለካን። ስምንተኛ ፎቅ 34 ሚሊ ወደ ውጭ ወጥቷል። አምስተኛው 24 ሚሊ ወደ ውስጥ ገብቷል። ልዩነቱ 58 ሚሊ ነው፤ አራት ጣት ያህል። ከታች ቆሞ ለሚያይ ሰው ቀጥ ያለ ሕንፃ ነው። ፓነል ግን አይምርም። ግድግዳውን ተከትለን ከለጠፍነው፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በጎን ስትመታው ሆዱና ጀርባው ፍንትው ብሎ ይታያል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ ተወሰነ። የፓነሉ ፊት ከግድግዳው 12 ሳንቲ ይርቃል። ግድግዳው በወጣበት ክፍተቱ ይጠባል፣ በገባበት ይሰፋል፤ ፊቱ ግን አንድ ወጥ ይሆናል። መያዣ ብረቶቹ ሞላላ ቀዳዳ ኖሯቸው ወደፊትና ወደኋላ የሚስተካከሉ ይሆናሉ።

ኅዳር 15

ስለ ዝናቡና ስለ ፀሐዩ ሳስብ ዋልኩ።

አያቴ ቡሬ ላይ የነበራቸው ቤት የጭቃ ነበር። ክዳኑ ከግድግዳው ክንድ ያህል ወጥቶ ይወርዳል። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድ ግድግዳው አይርስም ነበር። ይህ ሕንፃ እንዲያ ያለ ክዳን የለውም። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ከነፋስ ጋር 33 ሜትር ግድግዳ ላይ ይገረፋል። ታዲያ ፓነሉ ያንን የክዳን ሥራ መሥራት አለበት፤ ዝናቡን ፊት ለፊት ተቀብሎ መጣል። በመጋጠሚያው ሾልኮ የሚገባ ውሃ ይኖራል፣ በሲሊኮን ብቻ ለዘላለም የሚዘጋ መጋጠሚያ አላየሁም። ስለዚህ የገባው ውሃ በክፍተቱ ወርዶ ብሎኬቱን ሳይነካ የሚወጣበት መንገድ እሠራለታለሁ።

ፀሐዩ ሌላ ነው። እዚህ በሚያዝያ አጋማሽ ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፣ ግድግዳውን እምብዛም አትነካውም። የሚጎዳው ምዕራቡ ነው፤ ከ8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ፊት ለፊት ትበላዋለች። ጥቁር ሰማያዊ ፓነል እዚያ ላይ ሲያቃጥል ይውልና ሌሊት ይቀዘቅዛል። አሉሚኒየም በ1 ሜትር ርዝመት፣ በ50 ዲግሪ ልዩነት፣ 1.2 ሚሊ ያህል ይረዝማል። የፎቁ ቁመት 3.2 ሜትር ነው፤ አንድ ሙሉ ፓነል በየቀኑ ወደ 4 ሚሊ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። ዙሪያውን በሪቬት ከወጠርነው ያብጣል። አንዱ ቦታ ተይዞ ሌላው ሊንሸራተት ይገባል።

ለባለቤቱ ቀላል ግራጫ አቀረብኩ። አልወደዱትም። "እንተኛበት" ተባባልን።

ኅዳር 19

ዛሬ የባለቤቱ ሚስት መጡ። ሕንፃው ሲያልቅ ሁለተኛ ፎቅ ራሳቸው ሊኖሩበት ነው። ሥዕሉን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁላቸው። በረንዳው ጎኑም ጣራውም ፓነል ነው። እያዩ ቆዩና፣

"ከሰሉንስ የት ላቀጣጥል ነው?" አሉኝ።

"የቱን ከሰል እትዬ?"

"የቡናውን ነዋ። ቤት ውስጥ ያጨሳል፣ በረንዳ ላይ ነው የማቀጣጥለው። ሰዉ ሁሉ እንደዚያው ነው።"

እውነታቸውን ነው። 36 በረንዳ፣ 36 የከሰል ምድጃ። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ወጡም እዚያው ይሠራል። ነፋሱ ከሐይቁ ሲመጣ ፍንጣሪው ወደ ጎኑ ግድግዳ ይበተናል። እኔ ሥዕሉን ስስል ስለ ጥላና ስለ መስመር ነበር የማስበው።

ያንኑ ማታ በረንዳዎቹን በሙሉ ከፓነል አወጣኋቸው። ጎናቸው፣ ጣራቸው፣ የፊት ከለላቸው በሲሚንቶ ልስን ይጠናቀቃል። ከደቡቡ ፊትም የደረጃውን ግድግዳ ወደ ልስን መለስኩት። ፓነሉ ከ720 ካሬ ወደ 430 ወረደ። ሥዕሉን ስመለከተው እንዲያውም አማረ፤ ልስኑና ፓነሉ ተራ በተራ ሲመጡ ሕንፃው ይተነፍሳል።

ኅዳር 27

የናሙና ቀን። አቅራቢው አራት ሰሌዳ ላከ። ጠርዛቸው ላይ ያለው ወረቀት "እሳት የሚቋቋም" ይላል።

መጀመሪያ መመዘን ፈለግኩ። ማዶ ያሉት የእህል ነጋዴ የጤፍ ሚዛናቸውን አዋሱን። 1.22 በ2.44 የሆነውን ሙሉ ሰሌዳ አቁመን ጫንነው፤ 16 ኪሎ ተኩል አይሞላም። ሦስት ካሬ ገደማ ነው፣ ስለዚህ በካሬ 5.5 ኪሎ። መሀሉ ንጹህ ፕላስቲክ የሆነ 4 ሚሊ ፓነል ክብደቱ ይኸው ነው። እሳት እንዲቋቋም መሀሉ በማዕድን የተሞላው በካሬ ወደ 7.6 ኪሎ ይደርሳል፤ ሙሉው ሰሌዳ 22 ኪሎ ማለፍ ነበረበት። ሚዛኑ የወረቀቱን ውሸት አወጣው።

ከዚያ 30 በ30 ቆርጠን በብረት መያዣ አቆምነውና የጋዝ ነበልባል ጠርዙ ላይ አደረግን። ባለቤቱ አጠገቤ ቆመዋል። ደቂቃ ሳይሞላ ጠርዙ ለሰለሰ። ከሁለቱ አሉሚኒየም መሀል ጥቁር ነገር እንደ ቀለጠ ሰም ወጣ። ጠብ አለ፤ ጠብታው እየነደደ ነው የወረደው። መሬት ላይም አልጠፋም። ነበልባሉን አነሳሁት፤ ሰሌዳው ግን ራሱን ችሎ ነደደ፣ ወደ ላይ። ከሠራተኞቹ አንዱ አሸዋ ደፋበት።

ይህ ሙከራ የላቦራቶሪ ምርመራ አይተካም። ግን ለእኔና ለባለቤቱ በቂ ነበር።

"ምንድን ነው መሀሉ?" አሉኝ።

"ፖሊኢትሊን ነው ጋሼ። ፌስታልና ጀሪካን የሚሠራበት።"

እዚያው ቆመን የግሬንፌልን ነገር ነገርኳቸው። ለንደን ውስጥ ያለ ባለ 24 ፎቅ መኖሪያ ነው። በፈረንጆች ሰኔ 14 ቀን 2017 ሌሊት አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ኩሽና ውስጥ ከፍሪጅ እሳት ተነሳ። በመስኮት ወጥቶ ክላዲንጉን ያዘ። ከዚያ በኋላ በውጭ በኩል ወደ ላይ ሮጠ። 72 ሰው ሞተ። መሀሉ ይኸው ፕላስቲክ ነበር። በ2018 መጨረሻ እንግሊዝ ከ18 ሜትር በላይ በሆኑ አዳዲስ መኖሪያዎች የውጭ ግድግዳ ላይ የሚቃጠል ዕቃ ከለከለች። የእኛው 33 ሜትር ነው።

ባለቤቱ ዝም ብለው መሬቱ ላይ ያለውን ጥቁር ጠባሳ አዩ። ሁለተኛ ፎቅ የልጅ ልጆቻቸው ይተኛሉ።

"የማይነደው አለ?"

"አለ። መሀሉ ከሞላ ጎደል ማዕድን የሆነ፣ ኤ2 የሚባል። ይወደዳል፣ ይዘገያልም። ግን ከ720 ወደ 430 ወርደናል፤ የቀነስነው ይሸፍነዋል።"

"እዘዘው" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "ግራጫም ይሁን" አሉ።

ታኅሣሥ 9

ዕቃው በአዲስ አበባ በኩል እስኪመጣ አጥንቱን እንሠራለን። ዛሬ መያዣዎቹን ፈተንን።

አንድ ልምድ ያለው የብረት ሠራተኛ "ብሎኬቱ ላይ በፊሸር እንሰረው፣ ሁሉም እንዲያ ነው የሚሠራው" አለኝ። አልተከራከርኩትም። 20 ሳንቲ ብሎኬት ላይ ሰርስረን ብሎኑን አስገባን። ዳዶውን ሲያጠብቅ ብሎኑ አብሮ ዞረ። ሁለተኛውን ሞከርን፤ ያዘ። በእጅ ዘንግ ስንጎትተው የብሎኬቱን ፊት የመዳፍ ያህል ይዞ መጣ። ብሎኬቱ መሀሉ ባዶ ነው፣ ፊቱ ሦስት ሳንቲ ያህል ቢሆን ነው። ሠራተኛው ስብርባሪውን አንስቶ አገላብጦ አየውና ኪሱ ከተተው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ስለዚህ ሁሉም መያዣ ሶሌታው ጠርዝ ላይ ባለው የኮንክሪት ቢም ላይ ይታሰራል። ቋሚ ብረቱ ከፎቅ ፎቅ 3.2 ሜትር ይዘላል፣ ብሎኬቱን አይነካም። ላይኛው ጫፉ ይታሰራል፣ ታችኛው በሞላላ ቀዳዳ ይንሸራተታል።

ስለ ነፋሱ፦ የግንባታ ኮዳችን የሚነሳበት ፍጥነት 22 ሜትር በሴኮንድ ነው፤ በባህር ዳር ከፍታ በካሬ 24 ኪሎ ያህል ግፊት ይሆናል። ከፍታውና ማዕዘኑ ሲታከልበት ይባዛል። ብዙ ሰው ነፋስ ፓነሉን ወደ ግድግዳው የሚገፋ ይመስለዋል። የሚያስፈራው ግን መሳቡ ነው፤ በሕንፃው ማዕዘንና ጣራው ከንፈር ላይ ፓነሉን ወደ ውጭ ይጎትተዋል። በእኔ ስሌት በጣም በሚጎተተው ቦታ አንድ መያዣ ላይ የሚደርሰው ከ150 ኪሎ አይበልጥም። የተዋስነው መጎተቻ የኃይል መለኪያ አለው፤ ኮንክሪቱ ላይ ያለውን ብሎን 600 ኪሎ ድረስ ጎትተን አንድ ደቂቃ ያዝነው። ንቅንቅ አላለም። ከአሥሩ አንዱ ግን 350 ላይ ተንሸራተተ። ቀዳዳውን ስናይ ዱቄቱ አልወጣለትም። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ቀዳዳ በእጅ ፓምፕ ሦስት ጊዜ ይነፋል፣ በብሩሽ ይጠረጋል፣ እንደገና ይነፋል። ቀዳዳውን የነፋው ልጅ አጠገቡ በቾክ ምልክት ያደርጋል።

ታኅሣሥ 18

ስካፎልዲንጉ ቆመ። እዚህ ባህር ዛፍ እንደልብ ነው፣ አጣና ርካሽ ነው፤ ብዙ ሕንፃ የሚሠራው በሱ ነው። ለ33 ሜትር ግን ብረት አስመጣሁ፣ በየፎቁም ከቢሙ ጋር አሰርነው። በዚህ ላይ ለመደራደር ፈቃደኛ አልነበርኩም።

ታኅሣሥ 30

ቋሚ ብረቶቹ አምስተኛ ፎቅ ደረሱ። ብረቱ አንቲ ረስት ሁለት እጅ ተቀብቷል። አሉሚኒየምና ብረት በሚነካኩበት ሁሉ የጎማ ንጣፍ አለ። ጣና ጨው የለውም፣ የባሕር ዳርቻ ያህል አያዝግም። ግን በክረምት እርጥበቱ ለወራት አይደርቅም፤ ሁለቱ ብረቶች ረጥበው ከተነካኩ አንዱ ሌላውን ይበላዋል።

ጥር 8

ከሁሉ በላይ የምሳሳለት ሥራ ዛሬ ተጀመረ፤ የእሳት መዝጊያው።

ከፓነሉ ጀርባ ያለው 12 ሳንቲ ክፍተት ከምድር እስከ ጣራ ክፍት ከተተወ የጭስ ማውጫ ነው። ትኩስ አየር ያገኘውን ይዞ ወደ ላይ ይስባል። ፓነሉ ባይነድ እንኳ ነበልባሉ በክፍተቱ መውጣት ይችላል። ስለዚህ በየሶሌታው ደረጃ 1.5 ሚሊ ጋልቫናይዝድ ላሜራ እንደ መደርደሪያ አጥፈን ከቢሙ ጋር አሰርን። በላዩ ሮክ ውል ጠቅጥቀን ሞላን። ከባዛልት መሰል ድንጋይ ቀልጦ የሚፈተል ሱፍ ነው፤ ከ1000 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም። እያንዳንዱ ፎቅ ለብቻው የተዘጋ ሳጥን ይሆናል። ላሜራው ወደ ውጭ ትንሽ ያዘነበለ ነው፤ የገባው ውሃ በየፎቁ በመጋጠሚያው ይወጣል። አየርም በዚያው ይገባል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ላሜራ ተከልሎ። በመስኮቶቹ ዙሪያም እንዲሁ በላሜራ ዘጋን።

ሱፉ ሲጠቀጠቅ ጥግ ላይ ጣት የምታስገባ ክፍተት ይተዋል። አንድ በአንድ እጄን እያስገባሁ ዳሰስኩ። ማታ ክንዴ ሲያሳክከኝ አደረ። ካሜራ ይዤ እያንዳንዱን መደርደሪያ፣ የፎቁ ቁጥር በቾክ ተጽፎበት፣ ፎቶ አንስቻለሁ። ፓነሉ ከተገጠመ በኋላ ማንም አያየውም።

ጥር 13

ለጥምቀት ሦስት ቀን ዘጋን። መንገዱ ሰው በሰው ስለሚሆን ስካፎልዲንጉ ላይ ያለውን ልቅ ዕቃ ሁሉ አስቀድመን አወረድን።

ጥር 22

ከእንጅባራ የመጡት ሁለቱ ልጆች ለነገው የፈረሰኞች በዓል ፈቃድ ጠየቁ። አጎታቸው ይጋልባል። ሄዱ።

ጥር 29

ፓነሉ መጣ። ከምርመራ ወረቀቱ በፊት የጤፍ ሚዛኑ ጋ ወሰድነው። 22 ኪሎ ከ700። ከዚያ ነበልባል። ፊቱ ያለው አሉሚኒየም ቀለጠና ወረደ፤ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ያ አይቀርም። መሀሉ ግን እንደ ተጠበሰ ሸክላ ነጣ ብሎ ቀረ። እሳቱን ስናነሳው የሚነድ ነገር የለም። ነጋዴው ሱቃቸውን ትተው መጥተው አዩ። "ይኼኛውስ ጨዋ ነው" አሉ።

የካቲት 12

ማጠፊያው ላይ ስህተት ሠራን።

ፓነሉ ሣጥን ሆኖ እንዲታጠፍ ከጀርባው ቪ ቅርጽ ያለው ቦይ ይቆረጥለታል። ከፊት አሉሚኒየሙ 0.5 ሚሊ ነው። በላዩ ከመሀሉ 0.3 ሚሊ መተው አለበት፤ ማጠፊያው ላይ 0.8 ሚሊ ይቀራል። ይህ ማዕድን ግን ምላጩን ይበላል። ምላጩ ሲደነዝዝ ልጁ ገፍቶ ጫነው፣ ቦዩም ጠለቀ። የታጠፉት ፓነሎች ሲታዩ ደህና ናቸው። ዛሬ ጠዋት አንዱን ወደ ብርሃን አዙሬ ጠርዙን በጥፍሬ ስስበው ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁ። በእጄ ገፋ ሳደርገው ከንፈሩ ተላቀቀ። ይህ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ቢሆን ኖሮ በአንድ ክረምት ነፋስ ይወርድ ነበር።

የታጠፉትን ሁሉ አንድ በአንድ ፈተሽን። 14 ተጣሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የምላጩን ዕድሜ ለፕላስቲኩ በለመድኩት ልክ ነው የሰጠሁት። ከአሁን በኋላ በ40 ሜትር ቁርጥ ይቀየራል፣ የቀረውም ውፍረት በመለኪያ ይታያል። ለልጁም እንዲህ ብዬ ነገርኩት፤ ሲያዝን ነበር የዋለው።

የካቲት 20

ከስድስተኛ ፎቅ አንድ ዳዶ ወደቀ። የእግረኛ መንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ ቆሞ ነበር፤ ሸራውን በሳው። ሹፌሩ ጎረቤት ሱቅ ውስጥ ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሸራውን አስጠገንንለት። ሥራ አቁመን በሁለት ቀን ውስጥ ከእግረኛ መንገዱ በላይ በወፍራም ጣውላ መከለያ ሠራን፣ ከስካፎልዲንጉም ውጭ መረብ ዘረጋን። ከመጀመሪያው መኖር የነበረበት ነው። መሣሪያ ሁሉ አሁን በገመድ ከወገብ ጋር ታስሯል።

መጋቢት 4

ሁዳዴ ገብቷል። ልጆቹ እስከ 9 ሰዓት አይቀምሱም። ባዶ ሆድ፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ የቀትር ፀሐይ፤ ይህ አይሆንም። ሥራውን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምረን 7 ሰዓት ላይ እንድንጨርስ አደረግኩ። በሰዓት ብናጥርም የሚሠራው ፓነል ቁጥር እምብዛም አልቀነሰም። ጠዋት ነፋስ የለም፤ ሰሌዳ መያዝ ይቀላል።

መጋቢት 17

ምዕራቡ ፊት እስከ ሰባተኛ ፎቅ ለብሷል። ዛሬ 11 ሰዓት ላይ ማዶ ካለው ቡና ቤት በር ቆሜ አየሁት። አምስተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ፓነሎች ጠቆር ብለዋል። ቀኑን ሙሉ ስናያቸው አልታዩም ነበር።

ወጣሁና የመከላከያ ፕላስቲካቸውን ጠርዝ ገለጥኩ። ፕላስቲኩ ላይ ቀስት ታትሟል። ብረታማ ቀለም በፋብሪካ ሲቀባ አቅጣጫ አለው፤ ሁሉም ቀስት ወደ አንድ ወገን ካልሆነ ብርሃኑን ለየብቻ ይመልሳል። ሦስቱ ተገልብጠው ገብተዋል። ተፈቱ፣ ተመለሱ። ሣጥኖቹ ከላይና ከታች አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ሁለቱን እንደገና መሥራት ግድ ሆነ። ከዛሬ ጀምሮ የመጨረሻ ፊርማ የሚደረገው 11 ሰዓት ላይ ነው፣ ከማዶ። ፕላስቲኩም በተገጠመ በሳምንቱ ይላጣል፤ ፀሐይ ካበሰለው አይለቅም።

ሚያዝያ 8

የውሃ ሙከራ። ሰባተኛ ፎቅ፣ የደቡቡ መስኮት። በጎማ ከታች ጀምረን ቀስ እያልን ወደ ላይ ረጨን። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉንም ያርስና የት እንደገባ አይታወቅም። እኔ ውስጥ ተንበርክኬ በባትሪ እያየሁ ነው። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ በግራ በኩል ታችኛው ጥግ ልስኑ ጠቆረ። ጣቴን ነካሁት፤ ረጥቧል።

ከውጭ ፈታነው። የመስኮቱ ደፍ ላሜራ ወደ ውጭ አዘንብሏል፣ ደህና ነው። ጫፉ ግን አልታጠፈም። ውሃው በላሜራው ላይ ወደ ጎን ሄዶ ጫፉ ላይ ሲደርስ ብሎኬቱ ውስጥ ይወድቃል። እንጀራ ምጣድ ላይ ውሃ ብትደፉ ጠርዙ ላይ የሚሆነው ማለት ነው። ሁለቱም ጫፍ 2.5 ሳንቲ ወደ ላይ መታጠፍ ነበረበት። 

ሚያዝያ 20

ሁሉንም ደፎች አስተካከልን። 12 ቀን ፈጀ። እንደገና ረጨን፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ። ደረቅ።

ሚያዝያ 26

ምድሩን በጥቁር ድንጋይ እያለበስን ነው። ድንጋዩ የአካባቢው ባዛልት ነው። 3 ሳንቲ ውፍረት ያለው በካሬ 85 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በሲሚንቶ ብቻ የተለጠፈ ድንጋይ ከሰው ራስ በላይ ማየት አልወድም። እያንዳንዱ በአራት የማይዝግ ብረት ፒን ከኮንክሪት ተይዟል፤ ከአራት ሜትር በላይም አልወጣንም። ጋሪ ይገጨዋል፣ ባጃጅ ይገጨዋል፣ ልጆች በኳስ ይመቱታል። ለምድር የሚሆነው ድንጋይ ነው።

ግንቦት 12

ስካፎልዲንጉ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ነው። ከቢሙ ጋር የታሰረባቸው ቦታዎች ላይ ያሉት ፓነሎች የመጨረሻ ናቸው፤ ማሰሪያው ሲፈታ ወዲያው ይገጠማሉ። ከዚያ በኋላ መድረሻ የለም። በእያንዳንዱ ላይ ቀስቱን፣ ብሎኑን፣ መደርደሪያውን እያየሁ ፈረምኩ። ባለቤቱ ማዶ ቆመው ያያሉ። በግራጫው ላይ ዛሬ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሱ።

ግንቦት 27

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ደመናው ከሐይቁ በላይ ጠቆረ። ጃንጥላ ይዤ እየሮጥኩ ሄድኩ። እውነተኛው ዝናብ ሲመጣ መከለያ የሠራንበት እግረኛ መንገድ ላይ ቆምኩ።

ሩብ ሰዓት ያህል ምንም የለም፤ ፊቱ ላይ ብቻ ይወርዳል። ከዚያ ዘጠነኛው ፎቅ መጋጠሚያ ላይ ክር የመሰለ ውሃ ወጣ። ስምንተኛው ተከተለ። ሰባት፣ ስድስት፣ አምስት። በየመደርደሪያው የገባው ውሃ እየወጣ ነው። አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ደቡቡ ፊት ላይ አራተኛ ፎቅ አልወጣም። ጠበቅኩ። ከላዩና ከታቹ ይወርዳል፣ እሱ ደረቅ ነው።

አራተኛ ፎቅ ያለችው ተከራይ በሩን ከፈተችልኝ። "ምነው ወንድሜ በስብሰህ!" አለች። በረንዳዋ ላይ ወጥቼ እጄን ወደ ጎን ዘርግቼ መጋጠሚያውን በጣቴ ዳሰስኩ። ትንሽ የሲሊኮን ጓል አለ፤ የአተር ፍሬ የምታህል፣ ቀዳዳ ላሜራው ላይ የተለጠፈች። አንድ ሰው ከመስኮቱ ደፍ የተረፈውን እዚያ ጠርጎታል። ከኪሴ የቱንቢውን ሽቦ ቁራጭ አውጥቼ ቆነጠርኩና ሳብኳት። ወጣች።

ውሃው መጀመሪያ እጅጌዬ ውስጥ ገባ፣ ከዚያ በውጭ በኩል ወደ መንገዱ ወረደ።